የተሰበረውን ሳሙና አትጣይው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል። የላክሽውን ፎቶ አብረን አየነው። ያ ሁሉ የደከምሽበት ሳሙና ተሰባብሮ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ከሥሩ ደግሞ «ሁሉንም ልጥለው ነው» ብለሻል። መልሱን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ሂሳብ ስላለበት ብጽፈው ይሻላል፤ ሥራ ላይ ሆነሽ እያየሽ ትሠሪበታለሽ።

አትጣይው። ለምን እንደተሰበረ ሳታውቂ ደግሞ ለማንም አትስጪ፣ ለጎረቤትም ቢሆን። የሚድነው እንዴት እንደሆነ የሚነግርሽ የተሰበረበት ምክንያት ነው።

ፎቶውን አስፍቼ ሳየው ስብራቱ ሁለት ዓይነት ነው። በግራ በኩል ያለው የቢላዋ ጣጣ ነው። ጠርዙ ስል ነው፣ ውስጡም ጥቅጥቅ ብሎ አንድ ወጥ ነው። የኮኮናት ዘይት የበዛበት ሳሙና ቶሎ ይጠነክራል። ሌላውን ሳሙና በማግሥቱ ብትቆርጪው ምንም አይልሽም። ይሄን ግን ሁለት ቀን አሳድረሽ ቢላዋ ስታሳርፊበት ይፈረካከሳል። ከእንግዲህ የኮኮናቱን በዚያው ቀን፣ ከጠነከረ በኋላ ግን ገና ሙቀቱ ሳይለቀው ቁረጪው። ጓንትሽን አታውልቂ፤ በዚያ ሰዓት ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኮስቲክ ሶዳ ገና ሥራውን አልጨረሰም፣ ቆዳ ያቃጥላል።

በቀኝ በኩል ያለው ግን አላማረኝም። ሲነካ ይረግፋል፣ ውስጡም ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። ባለፈው ስንደዋወል የኮኮናት ዘይት ስለተወደደ አብዛኛውን በሱፍ አበባ ዘይት ተካሁት ብለሽኛል። ኮስቲክ ሶዳውን ግን እንዳለ ተውሽው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው።

እስቲ አብረን እንየው። 1 ግራም የኮኮናት ዘይት ወደ ሳሙና ለመለወጥ 0.183 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። የሱፍ አበባ ዘይት የሚፈልገው 0.134 ብቻ ነው። የድሮው አሠራርሽ 700 ግራም ኮኮናት፣ 300 ግራም ሱፍ አበባ ነበር። ይህ በድምሩ 168 ግራም ገደማ ኮስቲክ ይፈልጋል። ትንሽ ዘይት ተርፎ ለቆዳ እንዲለሰልስ አንቺ 160 አደረግሽው፤ ጥሩ ነው። አሁን ግን 300 ኮኮናት፣ 700 ሱፍ አበባ ሆነ። ይህኛው ዘይቱ በሙሉ ወደ ሳሙና ቢለወጥ እንኳ ከ149 ግራም በላይ አይፈልግም። አንቺ ግን 160 ጨመርሽ። ስለዚህ 11 ግራም ያህል ኮስቲክ የሚይዘው ዘይት አጥቶ ሳሙናው ውስጥ ቀርቷል። የሚያፈረካክሰው እሱ ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍም ያቃጥላል።

ዘይት በቀየርሽ ቁጥር ኮስቲኩን እንደገና አስዪ። ሞራም ሆነ የጉሎ ዘይት፣ እያንዳንዱ የራሱ ልክ አለው። ይህን አደራ እልሻለሁ።

በዓይን አይቶ መፍረድ ግን በቂ አይደለም። አንዳንዱ ነጭ ነገር ምንም ጉዳት የለውም። ላዩ ላይ ብቻ እንደ ስስ አመድ የሚታየው ኮስቲኩ ከአየር ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ስለዚህ መርምሪው። ኮስቲክ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን መመርመሪያ አለ፤ በአልኮል የሟሟ ፊኖልፍታሊን ይባላል፣ ከላብራቶሪ ዕቃ መሸጫ ፈልጊ። ሳሙናውን መሐል ለመሐል ቁረጪና አዲሱ፣ ደረቁ ገጽ ላይ አንድ ጠብታ ጣይበት። ወዲያው ደማቅ ሮዝ ከሆነ ነፃ ኮስቲክ አለበት ማለት ነው። ከላይኛው ገጽ ላይ አትሞክሪ፤ ያ አመድ ራሱ ሮዝ ያደርገዋል። በምላስ የሚቀምሱ ሰዎች አሉ። አንቺ እንደዚያ እንድታደርጊ አልፈልግም።

በቢላዋ የተሰበረው ምርመራውን ካለፈ ሥራው ቀላል ነው። ትልልቁን ጠርዙን አስተካክለሽ አድርቂው። ትንንሹን በካሮት መፈግፈጊያ ፈግፍጊና ትንሽ ውኃ አርከፍክፈሽ በእጅሽ እየጨመቅሽ አድበልብዪው። ወይም ደግሞ ቁርጥራጩን በሚቀጥለው ሳሙናሽ ላይ፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከመገልበጥሽ በፊት በትኚው። ሲቆረጥ ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። እኔ በግሌ ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ ደንበኛም ይወደዋል።

ኮስቲክ የበዛበት ግን እንደገና ከዘይት ጋር መቀቀል አለበት። ጓንትና መነጽር አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። አሉሚኒየም ድስት በፍጹም አትንኪ። ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የሚወጣው ጋዝም ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት ይይዛል። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን የማይዝግ ብረት ድስት ይኑርሽ።

ሳሙናውን በሙሉ ፈግፍጊው። ብናኙን ወደ አፍንጫሽ እንዳትስቢ ቀስ በዪ። ከ1 ኪሎ ዘይት የወጣው ሳሙና ምንም ሳይጎድል ካለ፣ 150 ግራም ገደማ የሱፍ አበባ ዘይት ጨምሪበት። ይህ የተረፈውን ኮስቲክ ከያዘ በኋላ ለቆዳ የሚሆን ትንሽ ዘይትም ያተርፍልሻል። ሳሙናው ግማሽ ከሆነ ዘይቱም ግማሽ ይሁን። 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ አክዪና ድስቱን የፈላ ውኃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጪው። ክደኚው። በየመሐሉ ከሥር ወደ ላይ ገልብጪው እንጂ አትምቺው፤ ከመታሽው አረፋ ይሞላና ሲደርቅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ውኃም አታብዢበት። የበዛው ውኃ ሁሉ በኋላ ሲደርቅ ሳሙናውን ያጨማድደዋል።

አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ሁለትም ሊፈጅ ይችላል። መጀመሪያ ይጓጉላል፣ ዘይቱ ለብቻው ይታያል፤ አትደንግጪ። ቀስ በቀስ ይዋሐድና ጠርዝ ጠርዙ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። መሐሉም እንደ ገንፎ ሲከብድ ደርሷል። ትንሽ አውጥተሽ አቀዝቅዢና በጠብታው መርምሪው። አሁንም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ትንሽ ዘይት ጨምረሽ መቀቀሉን ቀጥዪ። ሽታ የምትጨምሪበት ከሆነ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይሁን፣ አለዚያ ይተናል። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ስትሞዪው በማንኪያ ጠቅጥቂው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ደጋግመሽ መታ መታ አድርጊው፤ ውስጡ አየር ከቀረ እዚያው ላይ እንደገና ይሰበራል። በማግሥቱ ቁረጪና ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ቢያንስ 4 ሳምንት አድርቂው። አሁን ክረምት ስለሆነ ሊቆይብሽ ይችላል፣ አትቸኩዪ።

መልኩ እንደ መጀመሪያው ለስላሳ አይሆንም። ሸካራ ነው፣ ግን ጥሩ ሳሙና ነው። የማያምርሽን ፈግፍገሽ ለልብስ አስቀምጪው። 100 ግራሙን በ1 ሊትር ሙቅ ውኃ ብታሟሚው ነጠላና ጋቢ በደንብ ያጥባል።

የእንዶድ ዱቄት ልጨምርበት ወይ ላልሽኝ፣ ለገላ ሳሙና አይሁን። አረፋው እውነት ነው፤ እናቴም ልብስ የምታጥበው በእሱ ነበር። ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ያዩትን አስቢ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ አገኙት። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ ለመከላከል ያደረጉት ጥናት የተነሣው ከዚያ ነው። ዓሣም ይገድላል። እንደዚህ ያለውን ነገር በሕፃን ዓይን አጠገብ አላስጠጋውም።

ይህን ሥራ በመጀመርሽ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ደሞዝሽ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሌሊት ቁጭ ብለሽ ግራም ስትቆጥሪ ሳስብ ልቤ ይሞላል።

አሁን ያለሽ ሚዛን 5 ግራም 5 ግራም እየዘለለ የሚያነብ ነው ብለሻል፤ ለኮስቲክ አይሆንም። አንድ ግራም የሚለይ ገዝቼ በሚመጣው ሰው እልክልሻለሁ። እስከዚያው የቀኙን ሳሙና በካርቶን አድርጊና «አይነካ» ብለሽ ጻፊበት፤ ልጆቹ እንዳይደርሱበት ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። ጠብታውን እንደሞከርሽ የሁለቱንም ፎቶ ላኪልኝ። እናትሽ ደግሞ ከፍግፋጊው ለጋቢ ማጠቢያ ይድረሰኝ ብላለች፤ ከግራው ይሁን።

የሚወድሽ አባትሽ