እማዬ፣ በሃምሳው ለምን ትጾሚ ነበር?

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ይሄን በቴሌግራም ነው የምልከው። የጎረቤታችን ልጅ ታንብብልሽ፣ ግን ቀስ ብላ፣ ሳትዘል።

ያን ጊዜ በስልክ «ማላዊ እንዴት ነበር?» ስትይኝ «ደስ ይላል» ብዬ አለፍኩሽ። ሦስት ወር ሙሉ ደሞዜን ትቼ በነርስነት በነጻ ሠርቼ መጥቼ ለእናቴ የምነግራት ነገር «ደስ ይላል» ብቻ ሆነ። በስልክ የሚወራ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። በደረስኩ በሁለተኛው ሳምንት ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር፣ አንቺም አይተሽዋል። ሴቶች ሆስፒታሉ ጓሮ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ሲስቁ። ከሥሩ «ምንም የላቸውም፣ ግን ከኛ ይልቅ ደስተኞች ናቸው» ብዬ ጻፍኩበት። ስንት ሰው ላይክ አደረገው መሰለሽ! አብረውኝ የሄዱት ፈረንጆችም ማታ ማታ ቢራ ይዘን ስንቀመጥ የሚሉት ይሄንኑ ነበር።

የነበርኩት ደቡብ ማላዊ፣ አንድ የወረዳ ሆስፒታል ነው። እዛ ታማሚ ብቻውን አይመጣም፣ እንደኛው አስታማሚ ይዞ ነው። የሚያበስለው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ በሽተኛውን የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው። ግቢው ውስጥ ማደሪያ መጠለያ አላቸው፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ጥደው ንሲማ ያገነፋሉ። ንሲማ የበቆሎ ገንፎ በይው፣ ነጭ፣ ቂቤና በርበሬ የሌለበት።

የሄድኩበት ጊዜ ደግሞ ክፉ ነበር። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለው ወቅት ያለፈው በቆሎ ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ነው፣ ልክ እኛ አገር ክረምት ላይ ጎተራው እንደሚሟጠጠው። በዛ ላይ 2024 ነው። ኤልኒኞ በሚባለው የአየር መዛባት ምክንያት ዝናቡ ቀርቶ በቆሎው እርሻ ላይ ደርቋል፣ ከጥቂት ወራት በፊት የዶላር ዋጋ በገንዘባቸው በክዋቻ በአንድ ጊዜ 44 በመቶ ጨምሯል፣ ማርች 23 ላይ ፕሬዚዳንቱ ከ28ቱ ወረዳዎች በ23ቱ የአደጋ ጊዜ አወጁ። እኔ ደስተኞች ናቸው ብዬ የለጠፍኩት እንግዲህ በዚህ መሀል ነው።

አንዲት አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው በኦፕራሲዮን ወልዳ ቁስሏ አመርቅዞባት ተኝታለች። የአገሩን ቋንቋ፣ ቺቼዋን፣ ስናገር ሲሰሙ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ «ሙሊ ብዋንጂ» (እንዴት ነዎት) ማለት እንኳን በቅጡ አይወጣልኝም ነበር። አንድ ቀን ንሲማ ጠቅልለው ከትንንሽ ደረቅ ዓሣ ጋር ሰጡኝ። እምቢ ብል ሊቆጡኝ ሆነ። እሳቸው ግን አልቀመሱም፣ ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው ጠግቤያለሁ አሉኝ። ከዛ ፊታቸውን ዞር አደረጉና ወገባቸው ላይ የጠመጠሙትን ጨርቅ፣ ቺቴንጄ ይሉታል፣ ፈተው ሳብ አድርገው እንደገና አሰሩት። ጠበቅ አድርገው።

ንሲማው አፌ ውስጥ ቀረ፣ እማዬ።

ያንን እጅ አውቀዋለሁ። መቀነትሽን እንደዛ ነበር የምታጠብቂው። ትሪውን ለኛ አቅርበሽ «ብሉ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ» ትያለሽ። ማክሰኞ ቀን! አንዳንዴም በሃምሳው፣ ቄሶቹ እንኳን በማይጾሙበት። እኔ እኮ ልጅ ሆኜ እናቴ ከሰፈሩ ሁሉ ሃይማኖተኛ ናት ብዬ እኮራ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምትስቂው አንቺ ነሽ። ያኔ አንድ ፈረንጅ መጥቶ ፎቶ ቢያነሳሽ ኖሮ እኔ የጻፍኩትን ነበር የሚጽፍብሽ።

ማታውኑ ፎቶውን አጠፋሁት።

ሳቁ ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። አስታማሚ የሌለው ታማሚ ሲገባ የጎን አልጋዋ አስታማሚ ሳትጠየቅ ለሱም ታበስልለታለች፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ አሜሪካ እኔ በምሠራበት የሕሙማን ክፍል ውስጥ የሚተኙት ሽማግሌዎች የቴሌቪዥን ሪሞት ይዘው ብቻቸውን ነው የሚያነጉት፣ ልጅ ከመጣ እሁድ ነው። ግን ደግሞ እዛ ሌሊት ለ60 ምናምን አልጋ ሁለት ነርስ ነበርን። አስታማሚ ባይኖር ውኃ የሚያቀብል እንኳን የለም። የቱ ፍቅር፣ የቱ ችግር የወለደው እንደሆነ እኔ እስካሁን ለይቼ መናገር አልችልም።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፣ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስትሰማ «የናንተ ልጆች በኛ አገር በኩል ያልፋሉ» አለችኝ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ማለቷ ነው። በ2022 ሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ የ25 ሰው አስከሬን ያለበት የጅምላ መቃብር ተገኝቶ ነበር፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ናቸው ተባለ። እኔ በአውሮፕላን በገባሁበት አገር። እነሱም «ጾመኛ ነኝ» የምትል እናት ትተው የወጡ ይመስለኛል።

ከተመለስኩ በኋላ በየዓመቱ አገሮችን በደስታ የሚደረድረውን ሪፖርት አየሁት። የሚጠይቁት ቀላል ነው። ከ0 እስከ 10 እርከን ያለው መሰላል አስብ፣ 10 ከሁሉ የተሻለው ኑሮ ነው፣ 0 የባሰው፣ አንተ አሁን የቱ ላይ ቆመሃል? ፊንላንድ ከ2018 ጀምሮ አንደኛ ናት። ማላዊ በ2024ቱ ከመጨረሻዎቹ አስር ውስጥ ነች። ማላዊዎቹን ሰው ሲጠይቃቸው የመለሱት ይሄን ነው። እኔ ግን ሳልጠይቅ ነበር የመለስኩላቸው።

አንቺንም እኮ ጠይቄሽ አላውቅም። ያኔ ቀበሌ ቤት ሳለን፣ እኛ ትሪው ላይ ስንሻማ፣ ስንተኛው እርከን ላይ ነበርሽ? አሁንስ? ድምፅሽን ቅጂና ላኪልኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ብቻ እንዳታልፊኝ፣ እሱንም በይ፣ ግን ቁጥሩንም ንገሪኝ።

ልጅሽ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ