የተፈጥሮ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ዛፍ የለካንበት ዓመት

«ዛፍ ቢለካ ምን ይጠቅማል?» የሚለውን ጥያቄ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጋግሜ ስለሰማሁ መልሱን እዚህ ላስፍር። ችግኝ ሲተከል ካሜራ ይከተላል። የቆመውን ትልቅ ዛፍ ግን ስንት እንደሚሆን የሚጠይቀው የለም፤ ሊቆርጠው የመጣ ነጋዴ ካልሆነ በቀር።

ስብሰባዎቻችን እንደማንኛውም ክበብ አለፉ፤ ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፣ መዋጮ ተሰበሰበ። ልምምዱን በግቢያችን ባሕር ዛፎች ጀመርን። የግንድ ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካል፤ ለ3.14 ሲካፈል ውፍረቱን ይሰጣል። የልብስ ሰፊ ሜትር 1.5 ሜትር ላይ ስለሚያልቅ ሲባጎ እናዞርና ሲባጎውን እንለካለን። ለቁመት ከፕሮትራክተር (ከማዕዘን መለኪያ)፣ ከክርና ከጠጠር መሣሪያ ሠራን። ሜዳ ላይ የዛፉ ጫፍ በ45 ዲግሪ ከታየ፣ እስከ ግንዱ ያለው ርቀት ላይ የተመልካቹ የዓይን ከፍታ ተደምሮ ቁመቱ ይገኛል።

ትልቁ ጉዟችን በወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን ነበር፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጥድ አስተከሉበት ወደሚባለው። አንዱ ጥድ ዙሪያው 4 ሜትር ከ40፣ ውፍረቱ 1 ሜትር ከ40 ገደማ ሆነ። ወንዶቹ ቁልቁለቱን ወርደው 45 ዲግሪ አገኙና ቁመቱን በጩኸት አወጁ። በስብሰባ ላይ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «አይጻፍ!» አለች። «ከግንዱ ሥር በታች ነው የቆማችሁት፤ የዓይን ከፍታ የሚደመረው በምን ሒሳብ ነው?» ጸሐፊው ብዕሩን ከመዝገቡ ላይ አነሣ። ሁሉንም በተራራው ወገብ ወደ ጎን ይዛቸው ሄደች፤ ከግንዱ ሥር ጋር ትክክል እስኪሆኑ ድረስ። አዲሱ ቁጥር ከታወጀው በብዙ አነሰ። አንዳንዶቹ ቅር አላቸው፤ እርሷ ግን ያነሰውን ቁጥር በራሷ እጅ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው። ይህን የማዕዘን ስሌት፣ ታንጀንትን፣ ስንት ዓመት በሰሌዳ ላይ አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ሲገባ ግን አላየሁም። ለማረፊያ ክፍሉ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ያልተሳካም አለ። ናይሎን ሲባጎ ሲወጠር ስለሚለጠጥ የአንዳንድ ዛፎችን ልኬት ሰርዘናል። ከመዝገብናቸው ባሕር ዛፎች ጥቂቶቹ ዳግም ሳንለካቸው ተቆርጠዋል። በአቅራቢያችን ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ያሉትን ወይራና ዝግባ ለመመዝገብ ያወጣነው ዕቅድም በመጓጓዣ እጦት ለመጪው ዓመት ተላልፏል።

የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ ማሊያ ሲገዛለት አጨብጭበናል። የእኛ ጥያቄ ከማሊያዎቹ ዋጋ ሩቡን እንኳ አይደርስም፤ ባለ 30 ሜትር መለኪያ ብቻ ነው። በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ወላጆች ብዙ ናችሁና፣ ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን።