ሳትለካ አትውረድ

ልጄ፣

የጻፍክላትን እህትህ ትናንት ማታ አነበበችልኝ። ልትደብቀኝ አልቻለችም፤ እንዳትቆጣት። የጋዝ መለኪያው እስኪመጣ ሳትጠብቅ ብቻህን የመርከቡ ታንክ ውስጥ ወርደህ ቫልቭ ፈትተሃል። አለቃህ ቺፉም አመስግኖሃል። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ የእንዶዴን ባቡር ሳዳምጥ ነጋ።

ሳትለካ አትውረድ።

ቀጣዩ መርከብህ በሜታኖል የሚሄድ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ሙሉ በጋላፊ መንገድ የናፍጣ ጭስ ስምግ ኖሬያለሁ። ዛሬ ያንን ጭነት በኤሌክትሪክ የሚጎትተው ባቡር በሰፈራችን ያልፋል። ከዓለም ንግድ ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው በባሕር ነው የሚጓጓዘው። ያ ሁሉ መርከብ ከጥቁሩ ዘይት ይላቀቅ መባሉ ልክ ነው። መንግሥታቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ለንደን ላይ፣ በ2050 አካባቢ የመርከቦችን የተጣራ የጋዝ ልቀት ዜሮ እናደርሳለን ብለው ተስማሙ። በ2025 ጥቅምት ግን ማስፈጸሚያውን ለማጽደቅ ለአንድ ዓመት ቀጠሩ። ይዘግዩ። አንተ ሙያውን ያዝ።

ንጹሕ ነዳጅ ማለት ግን የማይገድል ነዳጅ አይደለም። የሜታኖል እሳት በቀን ብርሃን ለዓይን እምብዛም አይታይም። አሞንያ ካርቦን የለውም፤ ሳንባ ግን ያቃጥላል። ባዶ ታንክም ቢሆን አትመነው፤ ተዘግቶ ከቆየ ዝገቱ ራሱ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ይህን ባቦጋያ፣ የመርከበኞች ማሠልጠኛው፣ ተምረኸዋል። እኔ ልነግርህ አይገባም ነበር።

አጎትህ ቦቴ ውስጥ እንደሞተ ታውቃለህ። የማታውቀው፣ ግባ ያልኩት እኔ መሆኔን ነው። ሚሌ ነበርን። ረዳቴ ነበር፤ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ሌላ ጭነት ደርሶን ቸኩያለሁ። "ቶሎ ጥረገውና እንሂድ" አልኩት። ሁለቴ ጠራሁት፣ አቤት አለኝ። በሦስተኛው ዝም አለ። ልገባ ስል ሰዎች ወገቤን ይዘው አስቀሩኝ እንጂ እኔም እዚያው ነበርኩ። እናትህ፣ ወንድሟ ነው፣ ማን አስገባው ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም። ቡና ባፈላች ቁጥር ዛሬ ትጠይቀኛለች እያልኩ እጠብቃለሁ።

ቺፍህ ፈጣን ነህ ሲልህ አትኩራ። እኔም አጎትህን "ፈጣን ነህ" እለው ነበር።

ጓደኛህ ሐሙስ ሲበር በርበሬና ቋንጣ ይዞልህ ይመጣል። ቋንጣውን እርጥበት አታስነካው። የፓስፖርትህን ኮፒ ለእህትህ ላክ። ቀይ ባሕርን ትታችሁ በደቡብ አፍሪካ የምትዞሩ ከሆነ ቀኑን ለእናትህ ቁርጥ አድርገህ ንገራት፤ ስልክህ ሲጠፋ ያማታል። በላክኸው ብር ጣሪያውን አስቀይሬዋለሁ፤ አሁን አያፈስም።

ባልደረባህ ታንክ ውስጥ ወድቆ ብታየው እንኳ ዘለህ አትግባ። መጀመሪያ ጩኽ፣ ሰው ጥራ፣ የመተንፈሻ መሣሪያውን አጥልቅ። ሳትለካ አትውረድ ልጄ። እሺ በለኝ፤ በእጅህ ጽፈህ እሺ በለኝ።

ለእናትህ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።

አባትህ
ገላን