ስለ ፍጥነቱ ብቻ አታውሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለ አንድ ሞተር ተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለሩን ተርባይን የሚያዞረው አውሮፕላን) ገዝተው ራሳቸው እያበረሩ መጓዝ ለሚፈልጉ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ፎቶዎቹ አሪፍ ናቸው። ጽሑፉ ግን ከዳር እስከ ዳር የፍጥነትና የምቾት ወሬ ነው፤ ቲቢኤም 330 ኖት (በሰዓት 610 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይበራል፣ የፒላተስ ፒሲ-12 ካቢን ሰፊ ነው፣ ፓይፐር ኤም600 በዋጋ ይቀላል። እሺ፣ እውነት ነው። ግን ገዢውን «በዓመት ስንት ሰዓት ልታበር ነው?» ብሎ የጠየቀው የለም። እኔ ብሆን ከዚያ ነበር የምጀምረው።

እነዚህ አውሮፕላኖች የሚበሩበት የፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ ፒቲ6 ሞተር አስተማማኝ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ጣጣው ሞተሩ ሲቀሰቀስ ነው። ባትሪው ደከም ካለ ተርባይኑ በቂ ዙር ሳያገኝ ነዳጅ ይገባና፣ የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሚያንስ፣ ሙቀቱ በሴኮንዶች ውስጥ ከገደቡ ያልፋል። ያኔ ወዲያው ነዳጁን መዝጋት ነው፣ «እስኪ ትንሽ ልየው» ብሎ ነገር የለም። አብራሪው በዚያች ቅጽበት ከተሳፋሪው ጋር ወሬ ከያዘ፣ የጥገናው ሒሳብ በመቶ ሺዎች ዶላር ሊቆጠር ይችላል። እንደ ፒሲ-12 ኤንጂኤክስና ቲቢኤም 960 ባሉት አዳዲሶቹ ላይ ኮምፒውተር ይቆጣጠረዋል። ያገለገለ የገዛ ሰው ግን ዓይኑንና እጁን ነው የሚያምነው፤ በወር አንዴ የሚያበር ሰው እጅ ደግሞ ይረሳል።

«ጥቂት ሰዓት ብቻ የበረረ» የሚለው ማስታወቂያም አያታልላችሁ። የብዙዎቹ ሞተሮች ሙሉ እድሳት ወደ 3,500 ሰዓት ላይ ነው፤ በዓመት 100 ሰዓት ለሚያበር ሰው ይህ 35 ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ብቻ ምንም አይነግራችሁም። ቆሞ የከረመ አውሮፕላን ይዝጋል፣ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፣ የነዳጅ ታንኩ ማንጠባጠብ ይጀምራል። እኔን ብትጠይቁኝ ዘወትር የሚበረውን፣ ሰዓቱ የበዛውን እመርጣለሁ። ከመግዛት በፊት የሚደረገውን ምርመራ ደግሞ የሻጩ መካኒክ እንዳይሠራው፤ ሌላ ሰው መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ያንብብ፣ ሞተሩ ውስጥም ካሜራ አስገብቶ ይይ።

ሌላው ጽሑፋችሁ የዘለለው ከፍታ ነው። በ2014 አንድ ቲቢኤም 900 ከኒውዮርክ ግዛት ተነስቶ ወደ ፍሎሪዳ ሲሄድ፣ 28,000 ጫማ ላይ አብራሪው ችግር እንዳለ ተናግሮ ዝቅ ማለት ጠየቀ። ትንሽ ቆይቶ መልስ መስጠት አቆመ። አውሮፕላኑ በኦቶፓይለት፣ ማለትም ያለ ሰው እጅ በሚያበረው መሣሪያ፣ ብቻውን መድረሻውን አልፎ ሄደና፣ ነዳጁ ሲያልቅ ጃማይካ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ካቢኑ የአየር ግፊቱን አጥቶ ነበር። መርማሪዎቹ የአሠራር መመሪያውንም ወቅሰዋል፤ የኦክስጅን ማስኩን ማድረግ ከማስቀደም ይልቅ ብልሽቱን መፈለግ ያስቀድም ነበርና። በዚያ ከፍታ ያለ ኦክስጅን አእምሮ የሚሠራው ለሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። አብራሪው ደግሞ ጀማሪ አልነበረም፣ ብዙ ሺህ ሰዓት የበረረ ሰው ነው።

ከ2020 ጀምሮ በኤም600ና በቲቢኤም 940 ላይ የመጣው፣ አብራሪው ራሱን ቢስት አውሮፕላኑን ራሱ የሚያሳርፈው ሥርዓት ትልቅ ነገር ነው፣ ገንዘብ ካለ ይገዛ። ግን ያለ ልምምድ ለሚያበር ሰው ፈቃድ አይደለም። ኢንሹራንሶችም ይህን ስለሚያውቁ ነው የመጀመሪያውን ሥልጠና፣ በየዓመቱ መደገሙን፣ አንዳንዴም ልምድ ካለው አብራሪ ጋር የተወሰነ ሰዓት መብረርን የሚጠይቁት። ብዙ ገዢ ይህን የሚሰማው ቀብድ ከከፈለ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው እትማችሁ ሻጩን ትታችሁ አንድ የኢንሹራንስ ሰውና አንድ አሠልጣኝ አናግሩልን። በዓመት 50 ሰዓት እንኳ ለማብረር ጊዜ የሌለው ሰውም ወይ ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቶ ይግዛ፣ ወይ ባለሙያ አብራሪ ቀጥሮ እሱ ከኋላ ወንበር ላይ ጋዜጣችሁን ያንብብ።

አንድ አንባቢያችሁ