ከጥበቃ እስከ ፕሬዚዳንት? የትኛው ጥበቃ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ ስለ አንድ ባንክ ቦነስ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሌላው ይቅር። «ከጥበቃ እስከ ፕሬዚዳንት ሁሉም ሠራተኛ ተጠቃሚ ሆኗል» የምትለዋን ግን ማለፍ አቃተኝ። ጥበቃው እኔ ነኛ! ኧረ ምን ደርሶኝ?

እንዲያውም ፎቶው ላይ አለሁ። ኬኩ ከሚቆረስበት ጀርባ፣ በሩ ጋ፣ ግማሽ ትከሻ የሚታየው ሰውዬ። ትከሻው ላይ የተሰፋው የባንኩ ስም አይደለም፤ የኤጀንሲ ነው። ጋዜጠኛችሁ እሱን አንብቦት ቢሆን ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ባንኩ ለኤጀንሲው በነፍስ ወከፍ ይከፍላል። ኤጀንሲው የራሱን ያስቀርና የተረፈውን ለእኛ ይሰጠናል። ስለዚህ በወረቀት የባንኩ ሠራተኞች አይደለንም። ቦነሱም፣ በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጠው የቤት ብድርም፣ የሕክምና ወጪውም አይመለከተንም። ሕግ ተጣሰ አላልኩም። «ሁሉም» ስትሉ ግን እኛን ቆጥራችሁ ነው?

እዚህ በር ላይ 7 ዓመት ቆሜያለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል። እኔ 19 መድረስ ነበረብኝ። ታዲያ ባንኩ በጨረታ ኤጀንሲ በቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ቅጥር እፈርማለሁ፤ አገልግሎቴም ከዜሮ ይጀምራል። እስካሁን 3 ኤጀንሲ አይቻለሁ። በሩ ያው፣ ወንበሩም ያው። እኔ ሁልጊዜ ጀማሪ ነኝ። ፀጉሬ ብቻ ነው ይህን ያልሰማው፤ ሸብቷል።

ጡረታ ላይ እኩል ነን፤ አልዋሽም። ከእኔም ከሥራ አስኪያጁም 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪ 11 በመቶ ይጨምራል። የእሱ 7 በመቶ ከእኔ ሙሉ ደመወዝ ይበልጥ እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ለፋሲካ ለሠራተኛው ዘይትና እንቁላል ታደለ። መኪና ላይ የጫንነው እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ ነን (እሷም የኤጀንሲ ናት)። ከግቢው ዕቃ ሲወጣ ደብተር ላይ የምመዘግበው እኔ ነኝ። ማን ምን ይዞ እንደወጣ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። የብድር ክፍሉ አንድ ልጅ አፍሮ ነው መሰለኝ ከራሱ ዘይት አንዱን ሰጠኝ። እግዜር ይስጠው። እሱንም ማታ ስወጣ መዝግቤው ወጣሁ። እንግዲህ ከባንኩ ደረሰኝ የምለው ይኸው ነው፤ ያውም የሰው ድርሻ።

እርምት አውጡልኝ። «ከጥበቃ» የሚለውን ሰርዙና «ከገንዘብ ተቀባይ» በሉት፤ ያኔ ቅር አይለኝም። ወይም ጋዜጠኛችሁ ተመልሶ ይምጣና ይጠይቀን። መግባት አይቸግረውም። በር ላይ መታወቂያውን የሚቀበለው እኔ ነኝ።

አንድ የጥበቃ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ