ራንድል እፍ ያላት ኳስ ለመቺው ነው የተፈረደችው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቤዝቦል ቡድኑ ሲያትል ማሪነርስ አስገራሚ ገጠመኞች ባወጣችሁት ዘገባ፣ የቡድኑ ተከላካይ ሌኒ ራንድል ኳሷን እፍ ብሎ ከመስመር አስወጥቶ ዳኛው እንዳጸደቀለት ጽፋችኋል። ታሪኩን ግማሹ ላይ ቆርጣችሁታል።

እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 1981 የማሪነርስ ባለጣሪያ ስታዲየም በነበረው ኪንግዶም፣ የተጋጣሚው ካንሳስ ሲቲ ሮያልስ መቺ አሞስ ኦቲስ የመታት ኳስ ወደ ሦስተኛ ቤዝ (መቺ ሮጦ ከሚደርስባቸው ማረፊያዎች ሦስተኛው) በሚወስደው የሜዳው ጠርዝ መስመር ላይ ዝግ ብላ ተንከባለለች። ራንድል በእጁና በጉልበቱ ተደግፎ አፉን ወደ ኳሷ አስጠጋ፤ ኳሷም ወጣች። የሆም ፕሌት (የመቺው መቆሚያ) ዳኛው ላሪ ማኮይ መጀመሪያ ከመስመር ውጪ ናት፣ መቺው ቤዝ አያገኝባትም አለ። የሮያልስ አሰልጣኝ ጂም ፍሬይ ወጥቶ ሲከራከር ግን ውሳኔው ተሽሮ ኦቲስ አንደኛ ቤዝ ተሰጠው። ይህን ሁሉ ከዘገባችሁ ውስጥ የት አደረሳችሁት? ራንድል ራሱ እፍ አላልኩም፣ እንድትወጣ ለመንኳት እንጂ ማለቱስ?

ነገሩ ተራ ቀልድ አይደለም። ከሆም ፕሌት እስከ ሦስተኛ ቤዝ ባለው 27.4 ሜትር ውስጥ መሬት ለመሬት የምትሄድ ኳስ የሚፈረድባት ስትቆም ወይም ሰው ሲነካት ነው። መስመሩን የነካች ኳስ የሜዳ ናት፤ ማለትም ጨዋታ ውስጥ ናት። ስለዚህ ወደ አንደኛ ቤዝ ወርውሮ እንደማይደርስ ያወቀ ተከላካይ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ መስመሩን ለቃ ስትወጣ ተመልሳ እንዳትገባ ወዲያው ይነካታል። ቸኩሎ መስመሩ ላይ ሳለች ከነካት መቺው ቤዙን አገኘ ማለት ነው። ከ142 እስከ 149 ግራም የምትመዝን ኳስ በፍጥነት እየሄደች ትንፋሽ አይመልሳትም፤ ጠፍጣፋ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ልትቆም የደረሰች ግን ሌላ ነገር ናት።

ደንቡ ጓንቱን ወርውሮ ወይም ቆቡን አውልቆ የሜዳ ኳስ ሆን ብሎ ለሚነካ ተከላካይ የሦስት ቤዝ ቅጣት ያስቀምጣል። ስለ ትንፋሽ የሚለው የለም። በደንቡ ባልተጠቀሰ ጉዳይ ግን ዳኛው እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። የዚያ ምሽት ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ እናንተ የዘለላችሁትም ይህንኑ ነው።

የኪንግዶም ጣሪያ ንጣፎች ጨዋታ መሀል ወደቁ ማለታችሁም ስህተት ነው። ጁላይ 19 ቀን 1994 አራቱ የወደቁት በሮቹ ለተመልካች ከመከፈታቸው በፊት ነው። እያንዳንዳቸው 12 ኪሎ ገደማ ነበሩ፤ ሰው ቢቀመጥ ኖሮ ምን ሊደርስ እንደሚችል አስቡት።

በእግር ኳስ የተሻረ ጎል ጸድቋል ብላችሁ ብትጽፉ በማግስቱ ታርሙ ነበር። ቤዝቦል ሲሆን ማን ያውቅብናል ተባለ? ሲያትል ውስጥ አማርኛ የሚያነብ ሕዝብ ሞልቷል፤ ልጆቻችንም ይህንን ጨዋታ ይጫወታሉ። ጽሑፋችሁን አንብበው ደንቡን በተሳሳተ መንገድ የሚማሩት እነሱ ናቸው። ርዕሱን አስተካክሉ፤ ኦቲስ ቤዙን ማግኘቱንና ፍሬይ መከራከሩንም ጨምሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከሲያትል