መሬት ላይ ተኛ ለሚሉ ሁሉ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ባለፈው አንድ አንባቢ «ወገቡን የሚያመው ሰው ፍራሹን ጥሎ መሬት ላይ ይተኛ» ብለው የፃፉትን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ ጎንበስ ብዬ ስለምውል የወገብ ነገር አልለቀቀኝም፣ እና ጎረቤቱም ደንበኛውም የታክሲ ወያላው ሳይቀር መሬት ተኛ ሲለኝ ምንጣፍ ላይ አንድ ብርድ ልብስ አንጥፌ ሶስት ሳምንት ተኛሁ፣ ያውም በክረምት! ወገቤ ሳይሻለው ትከሻዬና ዳሌዬ ተጨመሩበት።

ፊዚዮቴራፒ ስሄድ ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እንዴት እንደምተኛ ነው። በሆዴ ነዋ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ለካ በሆድ ሲተኛ ወገብ ወደ ታች ይሰምጣል፣ አንገትም እንደተጠመዘዘ ያድራል። አሁን በጎኔ ጉልበቴን ትንሽ አጠፍ አድርጌ፣ በጉልበቶቼ መሃል ጋቢ ጠቅልዬ ነው የምተኛው (ሚስቴ መጀመሪያ ስቃብኛለች፣ አሁን እሷም ትራስ ታስገባለች)። የላይኛው እግር ወደፊት ሲወድቅ ዳሌን ይዞ ይዞራል፣ ወገብም አብሮ ይጣመማል፣ ጋቢው እሱን ይይዘዋል። በጀርባው የሚተኛ ከጉልበቱ ስር ያድርግ፣ በሆዴ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚል ደግሞ ቀጭን ትራስ ከሆዱ ስር።

ፍራሽ ሻጩም «ድንጋይ የመሰለ ነው የሚያስፈልግህ» ብሎ ውዱን ሊያሸክመኝ ነበር። ጤና የምትማረው ልጄ ግን በፈረንጆቹ 2003 ላንሴት የሚባለው የህክምና መፅሄት ላይ የወጣ የስፔን ጥናት አሳየችኝ፣ የቆየ የወገብ ህመም ካለባቸው 313 ሰዎች ውስጥ መካከለኛ ፍራሽ የደረሳቸው ደረቅ ከደረሳቸው የተሻለ ነው የሆኑት።

አነሳስም አለው። ሌሊት የአከርካሪው ዲስኮች (በአጥንቶቹ መሃል ያሉት ለስላሳ ንጣፎች) ውሃ ይመጥጡና ያብጣሉ፣ ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲ ገደማ እንረዝማለን (ሱሪ ስለካ ሁሌ ትዝ ይለኛል)፣ ያኔ ወገብ ግትር ነው፣ ስለዚህ በጎን ዞሮ እግርን አውርዶ በክንድ ገፍቶ መነሳት እንጂ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ጀሪካን ማንሳት የለም።

እግር ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይ ትኩሳትና መክሳት ከመጣ ግን ጋቢውን ትታችሁ ሀኪም ቤት ሩጡ፣ የአከርካሪ ቲቢም እኛ አገር አለ።

ያንን ደብዳቤ የፃፉት ሰው ይሄን እንዲያዩት እባካችሁ ቶሎ አውጡልኝ፣ ምናልባት እስካሁን መሬት ላይ ናቸው።

ልብስ ሰፊው፣ ከፒያሳ